አንቀጽ ዘጠኝ ከየት መጣ

የምሠራው ከአሮጌው የከተማ ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ታሪክ አጥንቼ ከተመረቅኩ በኋላ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ብዬ ገባሁ፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙ መናገር ስለማይጠይቅ ይስማማኛል። ሰው ይመጣል፣ ችግሩን ይነግረኛል፣ እኔ «ጉዳዩ» ብዬ እጀምርለታለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው በሕይወት መኖሩ እንዲረጋገጥለት ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሙዝ እየበላ ነበር።

መጽሐፉ የደረሰኝም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከችልኝ። ስለ አናርኪስቶች ነበር፤ ሰው ያለ ገዥ ተስማምቶ መኖር ይችላል ስለሚሉ ሰዎች። እስከዚያ ቀን ድረስ አናርኪስት ማለት መስኮት የሚሰብር ይመስለኝ ነበር። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ጥቂት ጥቂት አነብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ደንበኛ ሲመጣ መናደድ ጀመርኩ።

ልጅ ሆኜ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እሰማ ነበር። ስንት ዓመት ስሰማው ሰማይንና ንጉሥን በአንድ ገመድ ያሰራቸው ማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም። መጽሐፉ ስለዚያ ገመድ ነበር። ካህኑ ሹሙን ከላይ የመጣ ነው ይለዋል፤ ሹሙ ደግሞ ካህኑን ያስከብርለታል፤ ሁለቱም ተደጋግፈው ሲቆሙ ከታች ያለው ሰው ማን እንዳዘዘው መጠየቅ ይተዋል። እኔ ጾም የማልሽር፣ ካህን ሳይ መስቀል የምሳለም ሰው ነኝ። እምነቴን አልወሰደብኝም። ግን አንድ ጥያቄ ሰጠኝ፤ ጥያቄውም አላስቀምጥ አለኝ። መንገድ ላይ ስሄድ፣ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ ማኅተም ሳይ፣ በልቤ «ማን አዘዘ?» እላለሁ። ለብቻዬ የምስቅበት ጊዜም ነበር።

ሥራዬ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። ቀኑን ሙሉ የማባዛው ሁለት ዓይነት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የቀበሌ ማኅተም፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለበት። ሁለቱም ሐምራዊ ናቸው። ሰው አንዱን ሲያጣ ሌላውም ይጠፋበታል።

አንድ ቀን አንዲት የሐረሪ እናት ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ መጡ። በሠርግም በሐዘንም የሚረዳዱበት አፎቻ እንዳላቸው አውቅ ስለነበር እንደ ምንም ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«አፎቻችሁ የተጻፈ ደንብ አለው?»

«ወላሂ፣ ለምኑ?» አሉ። «የቀረ ሰው ይታወቃል። ዞር ብለን ስናየው ይበቃዋል።»

ከሄዱ በኋላ ቃላቸውን በማስታወሻዬ ጻፍኩት። መጽሐፉ በብዙ ገጽ ሊያስረዳኝ የደከመውን እሳቸው ሂሳብ እስክመልስላቸው ድረስ ጨርሰውት ሄዱ።

የእኛን ሰፈር እድር ነገር አሁን ልናገር። የቀድሞው ጸሐፊ ዓይናቸው ሲደክም እናቴ «ልጄ አለች፣ እጇ ጥሩ ነው» ብላ እኔን ሰጠች። አልተጠየቅኩም። የእድሩ ዳኛ፣ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሱቁ መጡና ቀበሌው እድሮች የጽሑፍ ደንብ እንዲያስገቡ የጠየቀበትን ደብዳቤ ሰጡኝ። «እንደ ሌሎቹ አድርገሽ አዘጋጂው፤ ነገ ይጸድቃል፣ ሰኞ ይገባል» አሉ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀደም ሲል የጻፍነው የሌላ ሰፈር እድር ደንብ ነበር። ገለበጥኩት፤ ስሙን ቀየርኩ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ለእኛ እንዲስማማ ማረም ያዝኩ። አንቀጽ ሰባት ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ተመለሰ፤ እኔም ተጣድፌ አትሜ ወጣሁ። በሕይወቴ አርሜ ሳልጨርስ ከእጄ ያወጣሁት ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ ግቢ ተሰበሰብን። የሰፈራችን ቄስ ጸሎት አድርሰው ከዳኛው ጎን ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላ «ድምፅ! ድምፅ!» ይሉኛል፤ ድምፄ ግን ያው ነው። ስምንትን ጨርሼ ወደ ዘጠኝ ገባሁ። ማንኛውም አባል ከንስሐ አባቱና ከቀበሌው የተሰጡ ሁለት ደብዳቤዎችን በየዓመቱ ያቀርባል፤ ያላቀረበ ከአባልነት ይሰረዛል። እኔም የሰማሁት ከእነሱ እኩል፣ ከራሴ አፍ ነው።

ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። እትዬ ከግድግዳው ሥር የተደፋ የእድር ድስት ላይ ተቀምጠው ነበር። በየለቅሶው ቤት ወጥ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ከሚደበድባቸው ባል አምልጠው ከሌላ አገር መጡ። የዚያን ጊዜ ንስሐ አባታቸው «ተመለሺ፣ ቻዪው» ብለዋቸው ስለነበር ከዚያ ወዲህ ሌላ አልያዙም። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌያቸው መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን ለማምጣት ያ ሰው ወዳለበት መሄድ አለባቸው። ሁለቱም ማኅተም ያለው በዚያ ሰው ደጅ ነው።

«እንግዲህ ወጣሁ በሉኛ» አሉ እትዬ። ለመሳቅ ሞክረው ነበር።

«ማን አወጣሽ?» አሉ ዳኛው።

«ወረቀቱ ነዋ!»

«አቦ፣ እሷ ከወጣች ወጡን ማን ሊሠራው ነው? ቀበሌው?» አለች አንዲት ጎረቤት፤ ተሳቀ።

ዳኛው አልሳቁም። «የመንግሥት ነገር ነው። ቀበሌው ባይፈልገው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» አሉ።

ቄሱም ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ «እኔም ዛሬ መስማቴ ነው፤ ግን ቤተ ክህነት ሳይመክርበት አይቀርም። መልካም ሥርዓት ነው» አሉ።

«ጥንትም የነበረ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

አንዱ ከቀበሌ አመጡት፣ አንዱ ከቤተ ክህነት፣ አንዱ ከጥንት። ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልቤ ይመታ ነበር፤ የሚመታው ግን በፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሳምንታት ሙሉ ያነበብኩት ነገር ሥጋ ለብሶ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ያውም በእኔ ጥፋት! የምጮህ መሰለኝ።

«ተቃውሞ ከሌለ በጭብጨባ ይጽደቅልን» አሉ ዳኛው።

ለማጨብጨብ እጆች ተነሡ። የእናቴም ተነሥቶ ነበር።

«ይቆዩ ጋሼ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ ሁለት ሦስት ሰው ጀምሯል። «ይቆዩ! አንቀጽ ዘጠኝን ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጭብጨባው ቆመ።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ከሌላ እድር መገልበጤን፣ መብራት መሄዱን፣ ዘጠኝን ሳላነብ ማተሜን ሁሉ ነገርኳቸው። የቀበሌው ደብዳቤ ደንብ ይኑራችሁ ከማለት ሌላ ምንም እንደማይልም አውጥቼ አነበብኩ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ «ተቀመጪ፣ አዋረድሽኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ዳኛው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አገላበጡት። «ታዲያ ይህን ማን አዘዘ?»

«ማንም» አልኩ። «ማንም አላዘዘም ጋሼ።»

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን «ቢሆንም አንዴ ከተጻፈ ወዲያ መሰረዝ ደግ አይደለም» አሉ፤ ራሳቸውን የነቀነቁላቸውም ነበሩ። ቄሱም «ስሕተት ቢሆንም መልካም ስሕተት ነው ልጄ። እረኛ የሌለው በግ ለተኩላ ነው» አሉ።

እትዬ ከድስቱ ላይ ተነሡ። «አባቴ፣ እናትዎ ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ማኅተሜን ጠየቁኝ?»

«አልጠየቅኩም» አሉ ቄሱ፣ ቀስ ብለው።

«ጨው በዝቷል እንኳ አላሉም!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ቄሱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ደግሜ ተናገርኩ፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ! «በጭብጨባ አይሁን። የሚጸድቅ ከሆነም፣ የሚሰረዝ ከሆነም፣ እያንዳንዱ ሰው እጁን ያውጣ» አልኩ። ሰው ሲያጨበጭብ ማን እንዳጨበጨበ አይታወቅም፤ እጁን ሲያወጣ ግን እትዬ ያዩታል። ይህን ግን አልተናገርኩም።

ይጽደቅ ያሉት ሽማግሌውና ጥቂት ሌሎች ነበሩ። ቄሱ ለሁለቱም እጃቸውን አላወጡም። የቀረው ግቢ ሁሉ ይሰረዝ አለ፤ እናቴም ሌሎቹን አየት አየት አድርጋ አወጣች።

ዳኛው ብዕር ሰጡኝና ሰረዝኩት። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ቢያዩን ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዳኛችን አሁንም ዳኛ ናቸው፤ አርፍዶ የመጣ ይቀጣል፤ ወረቀቱም ሰኞ ማኅተም ሊመታበት ይሄዳል። ያለ መንግሥት የቆመውን እድር ትንሽ መንግሥት ለማድረግ የፈጠንነውም ማንም ሳይሆን እኛው ነን። ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃ አስቤው ነበር ብል እዋሻለሁ። ያን ጊዜ የታየኝ የእትዬ ፊት ብቻ ነበር።

እሳቸውም መጥተው ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርገው ተቀመጡ።

«በይ ከአንድ ጀምሪልን» አሉኝ። «አንቀጽ አንድንስ ማን አመጣው?»

«እውነት ነው፣ እሱንስ ማን አመጣው?» አለች ያቺ ጎረቤት። ከኋላም ሌላ ሰው ተነሣ፣ ከጎኑም ሌላ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። እኔም ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለስኩ።