የማያልቅ ካኪ

ባለፈው ነሐሴ ደሴ ገበያ መሐል ዝናብ ይዞኝ፣ ከአንድ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልዬ ቆሜ ሳለሁ፣ ነጋዴው የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ነካ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ሲቀደው ሰማሁ። ድምፁ ረጅምና ደረቅ ነበር፣ ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር፣ እኔም ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከዚያ በረንዳ መነሳት አቅቶኝ ቆየሁ። እናቴ ጨርቅ ስትገዛ ዓይኗን ጨፍና ይህን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። «ሲቀደድ የማይጮህ ጨርቅ ጉልበት የለውም» ትል ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ በዚያ ጉልበት ላይ የተንጠለጠለ ነፍስ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ያሉት ዓመታት። አባታችን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወባ ይዞት ስለሞተ፣ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ ሀዋ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና እኔ ዘሃራ ነበርን። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገን። ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ውኃ ዳር ተቀምጣ፣ የአስተማሪውንም የነጋዴውንም የሹሙንም ልብስ ስትፈትግ ትውልና፣ ማታ የተሰነጣጠቀ እጇን ቅቤ ቀብታ ትተኛ ነበር። ጨርቅ የምታውቀው በዚያ እጇ ነበር፤ የትኛው ቶሎ እንደሚሳሳ፣ የትኛው ቀለሙን እንደሚተፋ፣ የትኛው ለታናሽ እንደሚተርፍ ነክታ ትናገር ነበር።

ሰይድ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ቁመቱ ግን ከአስተማሪዎቹ ጋር ይተካከል ነበር። ጎረቤት ሁሉ «ማሻ አላህ፣ አባቱን ቁርጥ!» እያለ ሲያደንቀው፣ እናቴ ሰው እንዳይሰማ ብላ ወሬ ትቀይር ነበር። በዚያ ጊዜ ረጅም ወንድ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ አልነበራትም። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ገበያውን ይከቡና፣ ወጣት ወንድ የተባለውን እያፈሱ መኪና ላይ ጭነው ወደ ማሠልጠኛ ይልኩት ነበር፤ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦሩ። ተማሪ ይተዉ ነበር። ተማሪ መሆኑን የሚያዩት ደግሞ በዩኒፎርሙ ነበር፣ ወንዱም ሴቱም ካኪ ነበር የሚለብሰው። ዩኒፎርም የሌለውን ልጅ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከበር ይመልሰዋል፣ ከበር የተመለሰውን ልጅ መንገድ ላይ አፋሾቹ ያገኙታል።

የዚያ ፍርሃት ጣዕም የገባን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበር። ጨርቁ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የተሰጠ ነበርና ምርጫ አልነበረንም፤ ሙጫ በዝቶበት ሲገዛ እንደ ቆዳ የቆመ፣ ሙጫው ታጥቦ ሲሄድ ግን ወንፊት ሆኖ የቀረ ጨርቅ ነበር። በሚያዝያ የሱሪው መቀመጫ ተሸነተረ። እናቴ ያገኘችውን ቡናማ እራፊ ለጥፋ ብትልከው ዘበኛው «ይሄ ዩኒፎርም አይደለም» ብሎ መለሰው፣ ሰይድም እስከ ክረምት ድረስ ከትምህርቱም ከመንገዱም ቀርቶ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ግቢያችን ገብተው ሲጠይቁ፣ እሱ ከአልጋው ሥር፣ እኔ ከአልጋው በላይ የታመምኩ መስዬ ተኝቼ፣ የእሱን ትንፋሽ በፍራሹ ውስጥ እሰማው ነበር። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው «ሴት ልጇ ኩፍኝ ይዟታል፣ አትግቡ» ብለው መለሱልን።

ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ቤቱም ስለተዘጋ ሰይድ ጭራሹን የቤት እስረኛ ሆነ። ደሴ ላይ ጭጋጉ በጦሳ ወርዶ በረንዳችን ድረስ ሲመጣ፣ እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ የልጆቹን የኳስ ጩኸት እያዳመጠ፣ ጉልበቱን አቅፎ ይውል ነበር። እናቴም ልብስ እያጠበች ስለ መስከረም ብቻ ታስብ ነበር። «ዘንድሮ የማይቀደድ ካኪ ካላገኘሁ...» ትልና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ትተወው ነበር።

ጳጉሜ ሲሆን ሰይድን ግድግዳ አስደግፋ ቁመቱን በገመድ ለካችው፣ ልኩ ላይ ቋጠሮ አሰረች፣ ከዚያ አለፍ ብላ ሌላ ቋጠሮ አሰረችና «ይህኛው ሲያድግ ነው» አለች። ገመዱን በመቀነቷ ቋጥራ እኔን ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ደሴ የነበረውን ጨርቅ ሁሉ ነክታ ንቃው ነበር። አውቶብሱ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ እየዞረ ከጭጋጉ ወጥቶ ሲወርድ፣ ሙቀቱ ፊታችንን ሲነካን፣ እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርግ ነበር።

ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ዞርን። አንዱን ጨርቅ በጥፍሯ ትፍቅና ነጭ ዱቄት ሲወጣው ትተወዋለች፣ ሌላውን ወደ ፀሐይ ታነሳና ብርሃን ሲያሾልክ ትመልሰዋለች፣ ሌላውን ጫፉን በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ታሸውና ቀለሙ ነጠላዋ ላይ ሲቀር ራሷን ትነቀንቃለች። ነጋዴዎቹ ተሰላቹባት። ከቀትር በኋላ አንድ ነጋዴ ከመደርደሪያው ሥር እጁን ሰዶ ጥቅል አወጣ።

«ነይማ እቴ፣ ካኪ ማለት ይኸውልሽ» አላት።

ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ወፍራም ጨርቅ ነበር። እናቴ ሳበችው፣ አልተሳበም። ፋቀችው፣ ምንም አልወጣውም። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነበር።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከወታደር የተገዛ ነው፣ ለራሳቸው የተሠራ። ቀለም ነክረሽ ታሰፊዋለሽ። ወላሂ፣ ይሄ ከለባሹ በላይ ይኖራል እንጂ አያልቅም!»

እናቴ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች። «ከለባሹ በላይ የሚኖር ልብስ አልፈልግም» አለችው። «ከልጄ ጋር የሚያረጅ ስጠኝ።»

ሰውየው ደነገጠ። እሱም ልጆች ነበሩት መሰለኝ፣ ጥቅሉን ቶሎ ብሎ ከዓይኗ ሰወረውና ከጓዳ ሌላ አመጣላት፣ ሳሳ ያለ ግን ጥብቅ ብሎ የተሠራ ካኪ። ጫፉን ሲቀድላት ጨርቁ ጮኸ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ከዚያም «አልሃምዱሊላህ» አለች። ስንመለስ ከሰርጓ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ የነበረው የብር ድሪ አልነበረም።

የሰፉልን ጋሽ ተሰማ የሚባሉ፣ በረንዳቸው ላይ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ገመዱን ሰጥታ «ጉልበቱንና መቀመጫውን ድርብ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ተሰማ። እጥፋቱን ደግሞ ጨርቁ እስከፈቀደ ድረስ ይተዉልኝ» አለቻቸው።

«ሀዋ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ እጥፋት ተሸክሞ እንዴት ይራመዳል?»

«ይሁን። ከነሸክሙ ይራመድ።»

መስከረም ሲጠባ ሰይድ ያን ሰፊ ካኪ ለብሶ ወጣ። እጅጌው ጣቱን ይሸፍነው ነበር፣ የክፍሉ ልጆችም «የአባትህን ነው?» እያሉ ሳቁበት፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ፀሐይ በማየቱ ብቻ ደስ ብሎት አብሯቸው ይስቅ ነበር። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ገበያው ተከበበ። አንዱ ጠባቂ የሰይድን ክንድ ሲይዘው እናቴ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። «ተማሪ ነው! ልብሱን እዩት፣ ተማሪ ነው!» ጠባቂው እጅጌውን በጣቶቹ ዳሰሰው፣ ከላይ እስከ ታች አየውና ለቀቀው። ቤት ስንደርስ እናቴ ያን ኮትና ሱሪ ተቀብላ፣ ያልቆሸሸውን፣ ሕፃን እንደምታጥብ በለብታ ውኃ አጠበችው።

ከዚያ በጋው መጣ፣ ሰይድም ማደጉን አላቆመም። ጋሽ ተሰማ እጥፋቱን ፈቱት፤ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ታየ። በጥር እንደገና ፈቱት፣ ሁለተኛ መስመር ወጣ። ጨርቁ እንደሆነ ፀሐይ ትንሽ ካነጣው በቀር እንደ ተገዛበት ቀን ነበር፣ አንድ ክር አልተመዘዘም። እናቴ ግን ጨርቁን ማየት ትታ ልጁን ታይ ጀመር። አገጩ ላይ ፀጉር ሲበቅል እንዲላጨው በሹክሹክታ ነገረችው። ድምፁ ሲጎረንን መንገድ ላይ እንዳይናገር ለመነችው። ጠዋት ሲወጣ እስከ በሩ ተከትላው «ጎንበስ በል፣ ልጄ፣ ጎንበስ ብለህ ሂድ» ትለው ነበር፣ እሱም ለእሷ ብሎ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ጎብጦ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ቀንሳ አቀረበችለት። ሰይድ በላና ተነሳ። ያን ጊዜ እናቴ የራሷን ድርሻ አንስታ ትሪው ላይ ገለበጠችለትና ፊቷን በሻሿ ሸፍና «ያ ረቢ፣ ልጄ እንዳያድግ በረሃብ ልቀጣው ነው እንዴ?» ብላ አለቀሰች። እሱ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠና ያን ሁሉ በላላት። እንዳልራበው አውቅ ነበር።

በልጉ ሲገባ፣ መጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ባበረደበት ሰሞን፣ ጠዋት አብረን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከፊታችን የጭነት መኪና ቆሞ አየን። ለመመለስ ስንል ከኋላችንም አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። ሰይድ አልሮጠም፤ ዩኒፎርሙን ለብሷልና ደረቱን ነፍቶ ቆመ፣ ያን ቀን ጎንበስ ማለት ረሳ። የጠባቂዎቹ አለቃ እናቴ ልብሱን የምታጥብለት ሰው ነበር። ወንድሜን አየው፣ ሱሪው ላይ ያሉትን ጥቁር መስመሮች አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰብሮ «ልብሱ የተማሪ ነው፣ ቁመቱ ግን የወታደር ነው። ጫኑት» አለ።

እየጮህኩ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ከውኃው ዳር በባዶ እግሯ መጣች፣ አረፋው ከክንዷ ሳይደርቅ የሰውየውን እግር ያዘች። «ያንተን ልብስ የማጥበው በእነዚህ እጆቼ አይደለም እንዴ? በነቢ፣ ሕፃን ነው! አሥራ አምስት ዓመቱ ነው!»

«ኮታ ነው፣ እትዬ ሀዋ» አላት፣ ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ። «ቁጥሩ ካልሞላ የምጫነው እኔው ነኝ። ምን ላድርግ ይላሉ?»

መኪናው ሲንቀሳቀስ እናቴ ተከትላው ሮጠች፣ እኔም ተከትያት ሮጥኩ፣ እስከ ከተማው መውጫ።

ልጆቹን መጀመሪያ ያቆዩዋቸው ኮምቦልቻ፣ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ወርደን ከሌሎች እናቶች ጋር ሽቦው ሥር ቆምን። ሰይድ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሱሪው ልኩ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ካኪውን አጣጥፎ ከሽቦው ሥር አሾልኮ ለእናቴ ሰጣት።

«እማ፣ ይህን ለዘሃራ አሰፊላት። ገና ምንም አልሆነም።»

«አብሽር» አለችው። ከዚያ ጣቷን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ፣ ገና ፂም በወጉ ያልያዘ አገጩን እየዳሰሰች ቆመች፣ ጠባቂው እስኪያባርረን ድረስ።

ጋሽ ተሰማ ሱሪውን ተርትረው ለእኔ ቀሚስ ሰፉልኝ። ዋጋም አልጠየቁም። ያን ቀሚስ ለብሼ አንደኛ ደረጃን ጨረስኩ። እናቴ በየሳምንቱ ታጥበው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ከሚገባው በላይ ስትደበድበው አይቻታለሁ፣ እንዲያልቅላት የምትፈልግ ይመስል። አላለቀም።

የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች በአስፋልቱ ዳር እየተንጠባጠቡ፣ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውኃ እየለመኑ በከተማችን አለፉ። እናቴ ጀሪካን ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ትወጣ፣ እያንዳንዱን ፊት እያየች ታጠጣ ነበር። አንድ ቀን ደጋን ከተማ የተወለደ፣ አንድ ዓይኑን ያጣ ወጣት የልጇን ስም ስትነግረው ውኃውን መጠጣት አቆመ። ከሰይድ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ፤ ሰይድ በመጀመሪያው ዓመት፣ ክረምት ሳይወጣ ነበር የሞተው። «ቁመቱ ነው የጎዳው፣ እማማ» አላት። «ምሽጉ አይሸፍነውም ነበር።»

እናቴ ውኃውን ጨርሶ እንዲጠጣ ነገረችው። ከዚያ ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ለለቅሶ የመጣውም ሰው እዚያው አገኛት።

እሷም ካለፈች ቆየች። እኔ ዛሬ እዚያው ደሴ ነው የምኖረው፣ የመጨረሻ ልጄ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት ሞላው። ፍርሃት ከዚህ ከተማ ወጥቷል ብል እዋሻለሁ፤ ሌላ ስም ይዞ ሲመላለስ አይቻለሁ። ግን ዩኒፎርም ስንገዛ ልጄ ጠበብ ያለውን፣ ስስ የሆነውን፣ ለጓደኞቹ የሚያምረውን ይመርጣል፣ ዓመት እንደማይቆይ እያወቅኩ እሺ እላለሁ። በየጥቂት ወሩ «እማ፣ አጠረኝ እኮ!» ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ሊያሳየኝ ሲመጣ፣ ስቄ «ቀና ብለህ ቁም» እለዋለሁ፣ ከጎኑም ቆሜ ትከሻው ትከሻዬን ስንት እንዳለፈው አያለሁ። ልጅ ሲያድግ ደስ ማለት ለእናት የተሰጠ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለእናቴ አንድም ቀን አልተሰጣትም።