የጋሼ ደምሴ አንድምታ

ባለፈው ቅዳሜ ደጃፌ ላይ ዝናብ ሲደበድበው የዋለ ካርቶን አገኘሁ። የላኪውን ስም ሳላይ ሽታው ቀደመኝ። አቤት የረጠበ ካርቶን ሽታ! የጋሼ ደምሴ ጃኬት ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

በስደት ኤድመንተን ሳለን ጋሼ ከእኛ ፍላት በታች ይኖሩ ነበር። ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ይውሉና ከትምህርት ቤት ይቀበሉኛል፤ እማዬ አረጋውያን የምትንከባከብበት ሥራዋ ላይ ናት። አባት አልነበረኝም። ማለቴ ነበረኝ፣ ግን የትም አልነበረም።

ጋሼ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ኢንጂነር ሆነው እንዲመለሱ ቻይና ቢላኩ፣ እሳቸው የጥንት ግጥም ተሸክመው መጡ። «አባቴ ሲሰሙ ሦስት ቀን አኮረፉኝ» ይሉና ይስቃሉ። በካርቶን የለበጡት ወፍራም ደብተር ነበራቸው። መሐሉ ላይ ግጥሙ በቻይንኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ ይሰፍራል። ዙሪያውን ደግሞ ትርጓሜውን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉታል፣ እንደ አባታቸው «አንድም… አንድም…» እያሉ።

«የኮንፊሽየስ ሊቃውንት እኮ የእኛዎቹን ነው የሚመስሉት» ይሉኛል። «ገበሬው ስለ ወፍ ዘፈነ። ሊቁ መጣና ወፏ የሰው ጠባይ ናት አለ። ሣሩም፣ ዝናቡም፣ ውርጩም የሰማይ ቃል ነው። ሰው ሲያጠፋ ሰማይ ዝም አይልም።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ምኑ ይገባኛል? ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ትርጓሜው ከመነበቡ በፊት ነገሩ በዓይን መታየት አለበት። «ሰላም፣ ያላየሽውን አትተርጉሚ» ይሉና ቴርሞሳቸውን ይዘው ሊ የሚባለው ወንዝ ዳር ይወስዱኛል። ሳማውን በጣቴ ነክቼ ጮኼያለሁ። ሰው የወረወረው የሱፐርማርኬት ጋሪ አጠገብ፣ ድልድዩ ሥር፣ ሄረን የሚሏት ግራጫ ወፍ በአንድ እግሯ ትቆማለች። ሁሌም እዚያው ናት። እሷን አይተን ስንመለስ ስለ ወንዝ ወፍ የሚናገረውን ግጥም አነበቡልኝ። ቀዩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አንድም፦ ይህች ወፍ እውነት ካለበት አትርቅም፤ ሐሰት ሲነገር ትሄዳለች።»

ከዚያ እማዬ ታመመች። አንድ ዓርብ ሆስፒታል ልጠይቃት ነበር፤ የጓደኛዬ ልደት ሆነብኝ። ደውዬ «የሆምወርክ ክለብ አለኝ» አልኳት። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ነገ ትመጫለሽ» አለችኝ። እኔ ሄጄ ኬክ በላሁ፣ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ከጋሼ ጋር ወደ ሆስፒታል ስንሄድ በወንዙ በኩል አለፍን። ወፏ የለችም። ጋሼ «ዛሬስ የለችም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ወደ ኋላ እየዞርኩ ውኃውን አየሁ። ስንደርስ እማዬ ራሷን አታውቅም ነበር። ሰኞ ዕለት አረፈች፤ ዳግመኛ አላናገረችኝም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ሳለ «ጋሼ፣ አይቆጡኝም?» አልኳቸው። «እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ። ስለዋሸሁ ነው ወፏ የሄደችው።»

የቴርሞሱ ክዳን ከእጃቸው ወደቀ። «አይደለም የኔ ልጅ… አይደለም» አሉ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው። አላመንኳቸውም። ትልቅ ሰው ልጅን ሲያባብል የሚለው ነው አልኩ በልቤ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ከእሷ ጋር እንድኖር ከከተማው ማዶ፣ ክሮይደን ወሰደችኝ። ጋሼ አንዳንድ እሑድ በሁለት ባቡር ይመጣሉ፤ ብርቱካን ይይዛሉ እንጂ ደብተሩን አይዙም። ስለ ወፍም ስለ ሰማይም ዳግም አላወሩኝም። እኔ እንደ ፍርድ ቆጠርኩት። ነገሩ እውነት ባይሆን ለምን ይደብቁታል?

አደግኩ፣ ተማርኩ። ሰው በወፍ ምክንያት እንደማይሞት አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ፣ ደረት ውስጥ የተቀመጠው ነገር ሌላ! እስከ ዛሬ ሄረን ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ጋሼንም እየተውኳቸው መጣሁ። መጀመሪያ መሄዴ ቀረ፣ ቀጥሎም ስልኩ።

ካርቶኑን የላከችው የእህታቸው ልጅ ናት። «ጋሼ በክረምቱ አረፉ። ይህን ለሰላም ስጡ ብለው ነበር» ትላለች ወረቀቷ። ቀብራቸው ላይ እንኳ አልቆምኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደብተሩ ዳር ዳሩ ርሷል። ያንን ግጥም ፈለግሁ። ቀዩ ትርጓሜ እንዳለ ነው። ከሥሩ ግን የማላውቃቸው መስመሮች ተጨምረዋል፣ እያንዳንዱ በተለያየ እስክሪብቶ።

«አንድም፦ ወፏ ርቧት ወደ ሌላ ውኃ ሄደች።»

«አንድም፦ ልጅቷ በነገረችኝ ማግስት ሄጄ ፈለግኋት። ከድልድዩ ማዶ ቆማ ዓሣ ትጠብቃለች።»

የመጨረሻው በሽማግሌ እጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ተንጋዷል። «አንድም፦ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በዓይኔ ያላየሁትን ለሕፃን ተረጎምኩ። ልነግራት ግን አፈርኩ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እንደዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ሲወጣልኝ ቀይ እስክሪብቶ ብፈልግ ቤቴ ውስጥ የለም። በእርሳስ፣ ከእሳቸው መስመር ሥር ጻፍኩ።

«አንድም፦ ጋሼም አላጠፉም።»