የባሕር አውሮፕላኑን ያነሣንበት ቀን

ኑሪ በተቀበረ በአራተኛው ቀን ልጁ ፉአድ ደወለልኝ። ቤት ለቤት ሄዶ ለቅሶ መድረስ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ሐዘንተኛውም አስተዛዛኙም የሚገናኙት በስልክ ነበር።

"ጋሽ ሎላሞ፣ ዘመዶቻችን ስለ አባቴ የሚያስታውሱትን በድምፅ እየቀዱ ግሩፓችን ላይ እየላኩ ነው" አለኝ። "የባሕር ኃይል ዘመኑን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የአውሮፕላኑን ታሪክ ይንገሩን። ፕሊስ።"

"የትኛውን አውሮፕላን?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ያን ከባሕር ያነሣችሁትን ነዋ። አባቴ እጀ ሰባራ የሆነበትን።"

እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

የምኖረው ሜይፌር፣ ከእህቴ ልጅ ሱቅ በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። የጆሃንስበርግ ሐምሌ እንደ አገራችን ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ደርቆ ይነዳል፣ ብርዱ ከሲሚንቶው ወለል ተነሥቶ ጉልበት ውስጥ ይገባል። ኮሮናው ለሦስተኛ ጊዜ ያገረሸበት ወቅት ነበር። ከሂልብሮው የሚመጡት ታክሲዎች ግማሽ ሰው ይዘው ያልፋሉ፤ መስጊዱ በር ላይ ጫማ አይታይም። ኑሪ ሮዘተንቪል ካለው ቤቱ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ደውሎልኝ ነበር። "ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ ሌላው ደህና ነው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። የቀብሩን ቪዲዮ የላከልኝ ፉአድ ነው። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች ፈጠን ፈጠን እያሉ አወረዱት። ያን እያየሁ ከፊቴ የቀረበውን ምስር ወጥ ጨርሼ በላሁ።

"አጎቴ፣ ደህና ነዎት?" አለች የእህቴ ልጅ።

ደህና ነበርኩ። ነገሩ እሱ ነው። ምንም አልተሰማኝም። እንዲህ ያለው መደንዘዝ ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ከዚሁ ከኑሪ ጋር በነበርኩበት በአንድ ከሰዓት በኋላ አውቀዋለሁ።

ባሕር ያየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዱራሜ አካባቢ ላደገ ልጅ ትልቁ ውኃ ዝናብ ያጠገበው ወንዝ ነበር። ባሕር ኃይል ሲቀበለኝ አባቴ፣ ወንጌላዊ ነበሩና፣ ስለ ዮናስ አንብበውልኝ ሸኙኝ። ኑሪን ያገኘሁት ከአስመራ ወደ ምጽዋ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ነው። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ መርካቶ ያደገ። መንገዱ ጉም ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሆዴ ተገለባበጠ፤ እሱ ከመንገድ ዳር በለስ ገዝቶ "ብላ፣ ያረጋጋሃል" አለኝ። ልጣጩን መያዝ ስለማላውቅ እሾሁ ከንፈሬ ላይ ቀረ። ነፋሲትን አልፈን ቆላው ሲቀበለን፣ ሙቀቱ በመስኮቱ እንደ ሰው ተደግፎ ገባ። ኑሪ ከንፈሬን በጥፍሩ እየለቀመ ሲስቅ ምጽዋ ደረስን።

የተመደብነው ትልቁ መርከብ ላይ ነበር። መርከቡ ለእኛ ከመሰጠቱ በፊት የአሜሪካኖች ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥራው የባሕር አውሮፕላኖችን መንከባከብ ነበር። እነዚያ አውሮፕላኖች ውኃ ላይ ያርፋሉ፤ መርከቡ ነዳጅ ይሰጣቸዋል፣ የተበላሸውን በክሬን አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ይጠግናል። እኛ ዘንድ ሲመጣ አውሮፕላኖቹ ቀርተዋል። ክሬኑ ግን በስተኋላ እንደ ቆመ ነበር፤ ጀልባና የዱቄት ከረጢት ያነሣንበታል።

ክሬኑን የሚያዝዙት ባሻ ሐጎስ ይባላሉ። ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ከጥርሳቸው የመፋቂያ እንጨት የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሯቸው ፈረንጆች በጦርነቱ ጊዜ እንደዚያው ዓይነት መርከብ ላይ ያገለገሉ ስለነበሩ፣ ባሻ የሰውን ትዝታ እንደ ራሳቸው አድርገው ይዘውት ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ወለሉ በባዶ እግር የማይረገጥ ሆኖ ጥላ ስናሳድድ፣ አንዳንዴ ይነግሩናል። አውሮፕላኑ ከመርከቡ ጎን ማዕበል ላይ ሲዘል፣ አብራሪው ክንፉ ላይ ቆሞ መንጠቆውን ሲጠብቅ፣ መርከበኞቹ በገመድ ግራና ቀኝ ወጥረው ሲይዙት።

"ይኸ ክሬን የተሠራው ለዚያ ነው" ይላሉ፤ "እናንተ ምስር ታወርዱበታላችሁ።"

አንድ ቀን ከዳህላክ ደሴቶች ልምምድ ስንመለስ በሬዲዮ ትእዛዝ መጣ። ለነዳጅ ፍለጋ ባሕሩን የሚያጠኑ ፈረንጆች ነበሩ፤ ትንሽ የባሕር አውሮፕላናቸው ሞተሩ ጠፍቶበት ውኃ ላይ አርፏል፣ ነፋሱም ወደ ሹሉ የኮራል ድንጋይ እየገፋው ነው። ስንደርስ ከሩቅ ነጭ ወፍ መሰለን። በጎማ ፋንታ ሁለት ታንኳ የሚመስሉ ተንሳፋፊዎች ነበሩት። ሁለቱን ሰዎች በጀልባ አመጣናቸው፤ አንዱ ፀሐይ ልጦት ቀይ ሆኗል፣ ውኃ ሰጠነውና አለቀሰ።

የመርከቡ አዛዥ ባሻን ጠሩ። "ታነሣዋለህ?"

"አነሣዋለሁ ጌታዬ" አሉ ባሻ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ላየው፣ ሚስት ሊያገባ የተነሣ ጎረምሳ ይመስሉ ነበር።

መንጠቆውን ለማያያዝ ወደ አውሮፕላኑ የሄደው ኑሪ ነው፤ ማንም ሳያዝዘው። ክንፉ ላይ ወጥቶ እየተንገዳገደ ሰንሰለቱን አሰረ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ እንደ ሙሽራ እጁን አውለበለበ። ሁላችንም ሳቅን። ተመልሶ ሲመጣ ሁለታችን የጭራውን ገመድ እንድንይዝ ታዘዝን። ሌሎች ሁለት ልጆች የአፍንጫውን ያዙ። ሥራው ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ እንዳይወዛወዝ ገመዱን ወጥሮ መያዝ። ኑሪ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ቆምን።

ክሬኑ ጮኸ። አውሮፕላኑ ውኃ እያንጠባጠበ ተነሣ። ባሻ ከክሬኑ ሥር ቆመው በእጃቸው ምልክት ይሰጣሉ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ውስጥ። ከወለሉ በላይ ሲደርስ መርከቡ በማዕበል ወደ ጎን ዘመመ። አውሮፕላኑ ተወዛወዘና ጭራው ከእኛ ሸሸ። ገመዱ እጄ ውስጥ ጋለ። ክንፉ ሲዞር አየሁት፤ ወደ እኔ የሚመጣ መሰለኝ። እጆቼ ተከፈቱ።

ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈራሁ፣ ለቀቅሁ።

ኑሪ ብቻውን ሊይዘው አልቻለም። ገመዱ መዳፉን እያቃጠለ ሾለከ። እኔ በጎኔ ሲያልፍ የገመዱን ጫፍ መልሼ ያዝኩት፤ ያዝኩት ስል ወደቅሁበት። ገመዱ ተወጥሮ ቆመ። ግን ዘግይቷል፤ ክንፉ የክሬኑን ምሰሶ መትቶ ተሰብሯል፣ አንዱ ተንሳፋፊ ባሻን እግራቸው ላይ መትቶ ጥሏቸዋል። በዚያች ቅጽበት ኑሪ ወደ ኋላ ዞረ። ያየው እኔን ነው፣ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ገመዱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ።

ባሻን በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር፤ አልጮኹም። የመርከቡ አዛዥ አራታችንን አሰለፉን።

"ገመዱን የለቀቀው ማነው?"

ኑሪ አንድ እርምጃ ወጣ። መዳፎቹ ቆዳቸው ተገሽልጦ ነበር። "እኔ ነኝ ጌታዬ። አመለጠኝ።"

አዛዡ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ?"

አፌን ሳልከፍት ኑሪ ቀደመኝ። "እሱ ነው ያስቀረው ጌታዬ። እሱ ባይይዘው ባሻ አይተርፉም ነበር።"

"እንዲህ ነው?" አሉኝ አዛዡ።

"አዎ ጌታዬ" አልኩ።

የዋሸሁት ይህችን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ስላልጠየቀኝ ሌላ መዋሸት አላስፈለገኝም። ያን ዕለት ማታ የቀረበልንን መኮሮኒ በቲማቲም በላሁ፤ ኑሪ ማንኪያ መያዝ ስላልቻለ እሱንም አጎረስኩት። "እግዜር ይስጥህ" አለኝ፣ እንደ ክርስቲያን፣ እኔን ደስ እንዲለኝ። ምንም አልተሰማኝም። ሕሊናዬ እስኪቆጠቁጠኝ ጠበቅሁ፤ ጣዕም ያጣ ምላስ ዓይነት ነገር ብቻ ነበር። ነገ ይሰማኝና እናገራለሁ ብዬ ተኛሁ። ነገም እንደዚያው ሆነ።

ኑሪ ሁለት ሳምንት ታሰረ። ውጭ አገር ለትምህርት ከሚሄዱት ስም ዝርዝር ውስጥ ሁለታችንም ነበርን፤ የእሱ ተሰረዘ። የእኔ የምስጋና ደብዳቤ በሰልፍ ላይ ተነበበ፣ እኔም ባሕሩ ቀዝቃዛ ወደሆነ አገር ሄጄ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ከመሄዴ በፊት አስመራ ሆስፒታል ባሻን ጠየቅኋቸው። እግራቸው ጀሶ ውስጥ ነበር፤ ወደ ባሕር እንደማይመለሱ ነግረዋቸዋል። ስለ ገመዱ አንድ ቃል አላነሡም።

"ክሬኑ ግን አነሣው፣ አይደል?" አሉኝ።

"አነሣው ባሻ።"

"ከወለሉ በላይ አልፎ ነበር?"

"አልፎ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተው ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሳቸው ሲደሰቱ ማየት፣ ቢሰድቡኝ ከሚሰማኝ የሚብስ መሆን ነበረበት። ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን የሆስፒታሉ ግድግዳ የተቀባውን አረንጓዴ ቀለም ሳይ ቆየሁና ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁሉም ሰው ታሪክ ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ፣ በመጨረሻ መርከቦቹ ወደብ አጥተው ተበተኑ፤ እኔም የመን፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ እዚህ። ኑሪ ግን ውሉን ጨርሶ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ነግዷል፣ አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ እንደ ብዙው የአገሩ ሰው ወደ ደቡብ ወርዷል። ሜይፌር ውስጥ አንድ ሶማሌ ሻይ ቤት በር ላይ ስንገጣጠም ሁለታችንም ፀጉራችን ነጥቶ ነበር። አቅፎኝ ሲያበቃ፣ ውስጥ ለተቀመጡት ሁሉ "ይኸ ሰው ነፍስ ያዳነ ሰው ነው!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየዓርቡ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ እዚያ ሻይ በወተትና ሳምቡሳ እናዝዝ ነበር። ታሪኩን ለአዲስ ሰው ሁሉ ይነግራል። ራሱን እያሾፈበት፣ እጁን እየዘረጋ፣ "ይኸ እጅ ዕቃ አይያዝለትም፤ ሚስቴን ጠይቁ" ይላል። ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። መዳፉ ላይ ያለው ጠባሳ ስለለመድኩት አልታይ እያለኝ መጥቶ ነበር።

እንግዲህ ፉአድ የጠየቀኝ ይህን ታሪክ ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ መቅጃውን ተጫንኩ። የኑሪን ታሪክ፣ እሱ በሚናገርበት አኳኋን፣ ልጀምር አስቤ ነበር። በለሱን ነገርኩ፣ ባሻን ነገርኩ፣ ክንፉ ላይ ሆኖ ማውለብለቡን ነገርኩ። ገመዱ ጋ ስደርስ "የለቀቅሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዳቦ ስንት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የተናገርኩት። እስከ መጨረሻው ነግሬ ላክሁለት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደወለ። አልተናደደም። የተናደደ ሰው ድምፅ አውቃለሁ።

"ኤይሽ፣ ጋሼ" አለ፣ የዚህ አገር ሰው ነገር ሲከብደው እንደሚለው። "ለብቻዬ ነው የሰማሁት። ግሩፑ ላይ አላስገባሁትም።"

"ለምን? እውነቱ እሱ ነው።"

"አምንዎታለሁ። ግን እናቴ ከተኛችበት አልተነሣችም። አባቴን ስታስታውስ የምትስቀው በዚያ ታሪክ ብቻ ነው። እጁን እያነሣ ‘ሚስቴን ጠይቁ’ ሲል። አሁን እሱንም ልውሰድባት?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ሌላ ይቅዱልኝ" አለ። "እሱ እንደሚነግረው አድርገው። ይቅርታ፣ ጋሼ። ሶሪ።"

ቀዳሁለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀልሎኝ ወጣ፤ ኑሪ የሚያስቅበት ቦታ ላይ ቆም ማለትም አልረሳሁም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ራሷ በድምፅ መለሰችልኝ። ድምፅዋ የታፈነ ነበር፤ ግን መሃሉ ላይ ሳቀች። "አላህ ያክብርህ፣ ያንን የሰው ነፍስ ያተረፍክበትን እጅ አላህ ይጠብቀው" አለችኝ። ይህን ምርቃት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። መጽናናትም ኀፍረትም መምጣት ያለበት አሁን ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ከሱቁ በኩል የእህቴ ልጅ ለደንበኛዋ "ሳውቦና፣ ጎጎ" ስትል ተሰማኝ፤ የአገሬው ሰላምታ ነው፣ ጎጎ ማለት አያቴ ማለት ነው። ተነሥቼ የዳቦውን ሳጥን እንድታስገባ ረዳኋት።

ፉአድ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ደወለ፤ የአባቱ አርባ ሲያልፍ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ አያውቅም ነበር?"

"አያውቅም" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ። ሲዞር ያየኝ ገመዱን ይዤ ነው።"

አመስግኖኝ ዘጋ። ያን ያልኩት አምኜበት ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ያመንኩበት ነው። ከዘጋ በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ሁለት ሰው በያዘው ገመድ ላይ አንዱ ሲለቅ፣ ሌላው ክብደቱ ሁሉ በድንገት እጁ ላይ ሲወድቅ፣ አያውቅም? እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አውቅ ነበር። ያኔ አዛዡ ፊት አንዲት እርምጃ ሲወጣ፣ እኔም ሳልናገር ሲቀድመኝ፣ ራሱ የለቀቀው መስሎት ነው ወይስ አውቆ መርጦ? ያን ፊቱን አሁን ባስታውሰው ባስታውሰው መለየት አልቻልኩም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጠይቄው ቢሆን መልሱ ከአንድ ቃል አይበልጥም ነበር፤ እኛ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል።