ልጄ ጮኸች፣ እኔ እልል አልኩ

ትናንት ከሰዓት ታክሲ ውስጥ እልል አልኩ... ብቻዬን።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን አያምኑም። ሠርግ ላይ እንኳ ድምፄ አይሰማም። «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬ የምወርድ ሴት ነኝ።

ነገሩ የመጨረሻ ልጄ የናርዶስ ጥርስ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ሱዚ ስትዘል ተደናቅፋ፣ ጎረቤት ለግንባታ በቆለለው ድንጋይ ላይ በአፏ ወደቀች። የላይኛው የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። ቆይቶ ጠቆረ፣ ድዷም መግል ቋጠረ። ሰፈሩ ሁሉ «አስነቅያትና ተገላገዪ» አለኝ። የወተት ጥርስ አይደለም፣ ሌላ አይበቅልላትም... እምቢ አልኩ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቆሜ እጨርሳለሁ... የማውቀው ሁሉ እንዲህ የተለቃቀመ ነው። ጥርስ በውስጡ ሕይወት ያለው ሥጋ እንዳለው ያወቅሁትም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወደምትሠራ አንዲት የጥርስ ሐኪም ወስጃት የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዶክተር፣ ውስጡ የሞተ ጥርስ ተመልሶ ሕይወት ይዘራል?»

«የእርስዎ ጥርስ ቢሆን አይሆንም እል ነበር» አለችኝ። «የእሷ ግን ሥሩ አድጎ አልጨረሰም፣ ጫፉ ገና ክፍት ነው። ውስጡን እናጸዳና ከሥሩ በታች ትንሽ ደም እንዲገባበት እናደርጋለን። የረጋውን ደም እንደ አፈር ያስቡት... ሕያው ሥጋ ከታች መጥቶ እዚያ ላይ ሊበቅል ይችላል። ለሁሉም ልጅ አይሳካም። እንሞክር?»

«እንሞክር።»

ስንመላለስ ወራት አለፉ። መግሉ ጠፋ። ጥርሱ ግን ቅዝቃዜ አልሰማ አለ። የትናንቱ ቀጠሮ ቁርጡ የሚታወቅበት ነበር። አሁንም ካልተሰማት ሐኪሟ ተስፋ ቆርጣ ውስጡን ልትሞላው ነው። ያኔ ሥሩ እንደሳሳ ይቀራል፤ አንድ ቀን በትንሽ ምት ይሰበራል።

ከቤት ስንወጣ አባቷ በር ላይ ቆሞ «የኔ አንበሳ! ሐኪሟ ፊት እንዳታሳፍሪኝ!» ብሎ ሸኘን።

ሐኪሟ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ጥጥ ጥርሱ ላይ አስነካች።

«ናርዲ፣ ተሰማሽ?»

ናርዶስ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «ምንም» አለች።

ሐኪሟ ጥጡን አስቀምጣ «እንግዲህ በሚቀጥለው እንሞላዋለን» አለችኝ።

የለቡ ታክሲ ያዝን። መካኒሳ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፣ ሙቀቱ አይጣል። በመስኮት ከበረዶ ባልዲ የወጣ ውሃ ገዝቼ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ተጎነጨች...

«ወይኔ ጥርሴን!» ብላ አፏን ይዛ ጮኸች።

«የቱን?»

«ይሄን! የተሰበረውን!»

እልልልልል!

አጠገባችን የተቀመጠችው ወጣት ናርዶስን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «የት ደረስን ጎበዝ! ልጅ አሟት እናት እልል ትላለች?» አሉ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ።

«ማዘር፣ ሰላም ነው?»

«አሟት እኮ ነው!» አልኩ።

«እሱንማ ሰማን!»

«ጥርሷ ሞቶ ነበር... ተነሣ!»

ሽማግሌው አማተቡ።

ወደ ናርዶስ ዞርኩ። «ቅድም ሐኪሟ ስታስነካሽስ?»

«ቅድምም ጠቅ አድርጎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ምንም አልሽ?»

«አባዬ እንዳታሳፍሪኝ አለኝ እኮ! አንበሳ አመመኝ ይላል?»

«ወራጅ አለ!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ማዘር፣ ለቡ ገና ነው...»

«ወደ ኋላ ነው የምመለሰው!»

መንገዱን ተሻግረን፣ በሌላ ታክሲ ተመልሰን፣ ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ደረስን። መንገድ ላይ «ካመመሽ ጩሂ፣ አባትሽን ለኔ ተዪው» እያልኩ ሳስጠናት ነበር። አበዛሁት መሰለኝ... ሐኪሟ ገና ጓንቷን ስታጠልቅ ናርዶስ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች።

ሐኪሟ ሳቀች። «እንደሱማ አይሆንም የኔ ቆንጆ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሲሰማሽ ብቻ እጅሽን አንሺ።»

ቀዝቃዛውን ጥጥ ጤነኛው ጥርስ ላይ አስነካች... እጇ ተነሣ። የተሸረፈው ላይ ደረቅ ጥጥ አስነካች... አልተነሣም። ከዚያ ቀዝቃዛውን እዚያው ላይ አሳረፈችው።

እጇ ዝም አለ። ኋላ ቀስ ብሎ፣ እንደ ክፍል ተማሪ፣ እጇ ወደ ላይ ወጣ።

ሐኪሟ ጥጧን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

«አለ» አለች። «ደካማ ነው፣ ግን አለ። አንሞላውም፣ እንጠብቀዋለን።»

ቤት ስንደርስ አባቷ በሩን ከፍቶ «አንበሳዬ! አላለቀስሽም አይደል?» አላት።

«ጮህኩ አባዬ! ታክሲ ውስጥም ጮህኩ!»

ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

«እሰይ በል» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ልሄድ ታክሲ ስጠብቅ ያው ረዳት ከተፍ አለ። በሩን ከፍቶልኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ማዘር፣ ዛሬስ ማን ታሞልን ነው እልል የምንለው?»