አማቴ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ የተነሱ ዕለት

ኮሜዲ የጀመርኩት ቢቸና ውስጥ፣ በሰው ሠርግ ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ልብስ እሰፋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ሠርገኛ እናስቃለን። እሱ ባል፣ እኔ ሚስት ሆነን እንጣላለን፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እንባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። ያኔ ትልቁ ሕልማችን እንደ አዲስ አበባዎቹ ቀልዳችንን በሲዲ አሳትመን በየሻይ ቤቱ ሲከፈት መስማት ነበር። እኛ ሳንደርስበት የሲዲው ዘመን አለፈ። ሰው ቀልድን በስልኩ ማየት ጀመረ። ጓደኛዬም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባና አጫጭር ቪዲዮ መሥራት ያዘ።

እኔም ሞክሬ ነበር። ስልኬን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ ብቻዬን እለፈልፋለሁ። ግን የሚስቅ ሰው ፊቴ ከሌለ የት ጋ ቆም ማለት እንዳለብኝ ይጠፋኛል። የቀረጽኩትን መልሼ ሳየው እኔኑ አስከፋኝ፤ ተውኩት።

መተዌ ደስ ያሰኛቸው አማቴ ናቸው። «ሴት ልጅ ባደባባይ ቆማ ሰው ስታስቅ ደግ አይደለም» ባይ ነበሩ። ይህን የሚነግሩት ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው፤ እኔ እንድሰማ ግን ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ከሞጣ ስልክ ተደወለልኝ። የከተማው ወጣቶች ኮሜዲያን ሰብስበው ሙሉ ከሰዓት በኋላ በአዳራሽ ሊያቀርቡ አስበዋል።

«ሰው በየስልኩ ብቻውን መሳቅ ሰልችቶታል» አለኝ አዘጋጁ። «አንድ ታዋቂ ኮሜዲያን ከአዲስ አበባ ይመጣል። እሱ መንገደኛ ስለሆነ ይቅደም፤ አንቺ ተከትለሽ ትገቢያለሽ።»

እሺ አልኩ። ለመሄድ ስዘጋጅ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ወዴት ነዎት?»

«ሞጣ ነዋ። ቤተሰብ የሌላት ይመስል ብቻሽን ትሄጃለሽ?»

ደነገጥኩ። ያዘጋጀሁት ቀልድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ እሳቸው ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ቀልድ ስፈልግ አንድም አልመጣልኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አማቴ ለትልቅ ሰው ክብር ተብሎ የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው። ታዋቂው ኮሜዲያን ሲገባ ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቶ ይቀርጸው ጀመር። እሱ ግን የገጠር ሰው ሆኖ አነጋገራችንን እያጣመመ መቀለድ ጀመረ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከኋላ አንዱ «ወንድሜ፣ የምን አገር ቋንቋ ነው?» ሲለው ብቻ ሳቅ ሆነ። ኮሜዲያኑ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። መጋረጃው ጋ ሲያልፈኝ «እግዜር ይርዳሽ» አለኝ።

መድረኩ ላይ ቆምኩ። አማቴ ዓይናቸውን ተክለውብኛል። የመጣው ይምጣ አልኩና ጀመርኩ።

«አማቴ ስልክ ሲያናግሩ አይታችኋል? ለቢቸና ሲደውሉ ተቀምጠው ነው። ለአዲስ አበባ ሲደውሉ ግን ከቤት ወጥተው ጉብታ ላይ ይቆማሉ። ድምፁ ዓባይን መሻገር አለበታ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጓደኛዬ ከሄደ ጀምሮ የናፈቀኝ ድምፅ ይኸው ነበር፤ የት ቆም እንደምል፣ የት እንደምፈጥን እሱ ራሱ ይመራኝ ጀመር። ቀጠልኩ።

«ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠራሁላቸው። ቀመሱና ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹ልጄ፣ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?›»

ሳቁ ገና ሳይበርድ አማቴ ከወንበራቸው ተነሱ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ልክ ነው፣ ብያለሁ!» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «እኛ ጾማችንን ፈተናል፤ ዶሮዋ ግን ገና አልሞተችም ነበር!»

ሰው ወንበር ላይ ተንፈራገጠ። እኔም እየሳቅኩ «እማማ፣ ታዲያ ለምን በሉት?» አልኳቸው።

«ልጄ ብቻውን እንዳይሞት ብዬ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልተርከው አልችልም። ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አማቴ መድረክ ላይ ወጡና በምግብ፣ በጥልፍና በልጃቸው ስንፍና ላይ ተከራከርን። ያዘጋጀሁት ቀልድ አለቀ፤ እኛ ግን አላለቅንም።

ስንወርድ ታዋቂው ኮሜዲያን መጋረጃው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ወደ አዲስ አበባ ሊመልሰው የነበረው መኪና ጥሎት ሄዷል።

«ሚሊዮን ሰው ያየኛል» አለኝ፤ «ሲስቅ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

አማቴ አቋረጡት። «አንተ፣ ከየት ነው የመጣኸው? እናትህ የት ናት?»

«እናቴ የደብረ ኤልያስ ሰው ናት» አለ አቀርቅሮ።

«በል እንግዲያው በሷ ቋንቋ ቀልድ!»

አሁን እኔና አማቴ በየከተማው አብረን እንጠራለን። አዘጋጆች የሚደውሉት ለእኔ አይደለም፤ ለአማቴ ነው። ማስታወቂያው ላይም የእሳቸው ፎቶ ከኔ ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ስትቀልጂ ቶሎ ቶሎ አትበይ። ሰው ይሳቅበት እንጂ።»

«እሺ፣ እማማ» አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።