ባቄላችንና የዋልታው ዓሣ

ዛሬ ጎህ ሲቀድ እኔና አባቴ የረጅም ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘን ባቄላችን ላይ እየጎተትን ነበር። በደጋው አቀስታ ውርጭ ባደረ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ቅጠሉ ላይ ያለውን አመዳይ፣ እንዳያቃጥለው እንዲህ እናራግፋለን።

እጄ ደንዝዞ፣ ዛሬ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ለአባቴ አወራኋቸው። «አባዬ፣ በዋልታ በኩል በረዶ የማይለየው ባሕር አለ። የዓሦቹ ደም ግን በረዶ አይሆንም።»

«በምን ብልሃት?» አሉኝ፣ ገመዱን ሳይለቁ።

«ደማቸው ውስጥ የተለየ ፕሮቲን አለ። ትንሽ የበረዶ ቅንጣት ስትገባ ይጣበቅባትና እንዳታድግ ይይዛታል።»

ገመዱን ሳብ አደረጉ። «እንግዲያ እነሱ ገመዱን ከውስጥ ነው የያዙት።»

አራት ዓመት ባዮሎጂ ስማር እንዲህ ያስረዳኝ አልነበረም። ክፍል ገብቼም በአባቴ ገመድ አስተማርኩ፤ ስማቸውን ግን አልጠራሁም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ከሰዓት ስመለስ የባቄላው ግማሽ ጠቁሯል። አባቴ ማሳው ዳር ቆመዋል።

«እኛ ተኝተን አድረን ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ዓሣው ሌሊቱንም ገመዱን አይለቅም።»

በእናንተ ቀዬ ውርጭን በምን ትከላከላላችሁ? ጻፉልኝ፤ ማታ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ። ግማሹ ባቄላ ገና አልተመታም።