አዴር ሮብሌ አልታመመም ነበር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቁጡነቴና ጾም ስለ መሻሬ አውርቼ ተመለስኩ። ትንሹን ኃጢአት እያስቀደሙ ትልቁን መደበቅ ይቻላል፤ እኔ ችዬበታለሁ። ባለቤቴ አታውቅም። እናቴ እንዳትሰማ ደግሞ ስንት ጊዜ ጸልያለሁ፣ የማልኩት በእሷ ነውና። እንግዲህ ፊቴን የማታዩት እናንተ ስሙኝ፤ አታባብሉኝም ብዬ ነው እናንተን የመረጥኩት።

ሾፌር ነኝ። የተወለድኩት ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር መንገድ ማለት ብረት የተነጠፈበት፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ያን ጊዜ ከአርብቶ አደሮች ፍየልና በግ ለሚገዛ ነጋዴ ፒክአፕ እነዳ ነበር። ከከተማው ውጭ ካለችው ከቢዮ አዋሌ አልፎ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው መንገድ የሚባል ነገር የለም። ጎማ ያለፈበት ሁሉ መንገድ ይመስላል፤ አንዱ መንደር ያደርሳል፣ አንዱ አሸዋ ውስጥ ይቀብራል። ያንን ለይቶ የሚያውቀው መንገድ መሪያችን አዴር ሮብሌ ነበር። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። በእኛ በድሬዎች ዘንድ አንቱታ ስለሌለ እሱ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ንቀት አይደለም። የናቅኩት በሌላ መንገድ ነው።

ጋቢና ከጎኔ ተቀምጦ በበትሩ ጫፍ ግራና ቀኝ ያሳየኛል። መንደር ስንደርስ ሰው ሁሉ በእሱ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ይከበዋል። ስለ ግመሉ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ፤ እኔ መሪ ጨብጬ እጠብቃለሁ። ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ «ሾፌሩ» ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሻይ ይዛ መጥታ ለእሱ ሰጠችና እኔን ረሳችኝ። አዴር ሮብሌ የራሱን ብርጭቆ ለእኔ አቀበለኝ። ተቀብዬ ጠጣሁት። የነገሩ ሥር ይህች ሻይ ናት። ማንም አላስገደደኝም፣ ጥቅምም አላሳሳተኝም። ቀናሁበት፣ በቃ።

ጂፒኤስ እንዲገዛ አለቃዬን የወተወትኩት እኔ ነኝ። መጋላ ሰፈር ከሚገኝ የመኪና ዕቃ ሱቅ አብረን ሄደን መረጥን፤ ባለ ሱቁ «ሳተላይት ነው አቦ፣ የትም አይጠፋህም» አለን። መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ገመዱን የሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካሁት። አማርኛ ስላልነበረው እንግሊዝኛውን መረጥኩ። ሳተላይቱን ፈልጎ እስኪያገኝ እንደ ልጅ ቸኩዬ ነበር። ከተማ ውስጥ ጎበዝ ሆነ፤ የከዚራን መንገዶች አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ቢዮ አዋሌን ስናልፍ ግን ካርታው ባዶ ሆነ። መኪናችንን የምታሳየው ቀስት በነጭ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቀረች። አዴር ሮብሌ ዞር ብሎ አላያትም። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝና ዕቃውን መልሰው አለኝ።

እልህ ያዘኝ። መመሪያውን ሳገላብጥ አንድ ነገር አገኘሁ፦ አንድ ቦታ ቆሞ ቁልፉን የተጫነ ሰው ያንን ቦታ በስሙ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችላል፤ ነጥቦቹ ሲደረደሩ መንገድ ይሆናሉ። ካርታው የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከጎኔ ይቀመጣል። አለቃዬን ሦስት ጉዞ ብቻ ታገሠኝ አልኩት።

የመሣሪያውን ድምፅ አጠፋሁ። በየመታጠፊያው የቦታውን ስም እጠይቀው ጀመር። ደስ አለው። ሾፌሩ በመጨረሻ አገር ሊያውቅ ፈለገ ብሎ ይሆናል፤ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ይነግረኝ ነበር። ግራሩን በቀኝ ተወው አለኝ፣ ተጫንኩ። አባቱ የቆፈረውን የውኃ ጉድጓድ አሳየኝ፣ ተጫንኩ። ወንድሙ የተቀበረበትን የድንጋይ ክምር በበትሩ አመለከተኝና ዝም አለ። እሱ ዝም ባለበት እኔ ተጫንኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እዚያ ላይ የሚጫን?

በሦስተኛው ጉዞ ጣቴን አየብኝ። በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ወርያ፣ ይሄ ነገር የኔን መንገድ ነው የሚጽፈው?»

«የነዳጅ ነው አዴር። ስንት እንደፈጀን ነው የሚቆጥረው።»

«ማል እስቲ።»

«እናቴ ትሙት!» አልኩ። እኛ ሰፈር ይህ መሐላ ለኳስ ጨዋታም ይማላል፣ ለእንቁልልጭም ይማላል። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«በሷስ ባትምል ጥሩ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «አምኜሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ተውኩ ብላችሁ ታስባላችሁ? ያን ቀን እንኳ ሰባት ጊዜ ተጫንኩ።

ነጥቦቹ ሲሟሉ አለቃዬ ሽማግሌው ይብቃው፣ አንተው ንገረው አለኝ። አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ጉዞ ጠዋት አዴር ሮብሌ እንደ ወትሮው መጋላ ጥግ ላይ በትሩን ተደግፎ እንደሚጠብቀኝ እያወቅኩ፣ እንዳያየኝ በሌላ በኩል ዞሬ ወጣሁ። ስንት ሰዓት እንደጠበቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መሣሪያው አልተሳሳተም። ከነጥብ ወደ ነጥብ ወሰደኝ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ባዶውን ወንበር ላለማየት ፊት ለፊት ብቻ አይ ነበር። መንደሩ ስደርስ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው በእሱ በኩል ያለውን በር ከፈቱ። ማንም የለም። ሮብሌ የታል አሉኝ።

ምን ልበል? መንገዱን ሰርቄው መጣሁ ልበል?

«አሞታል» አልኩ።

ያቺ ሻይ ስታመጣ የረሳችኝ ሴት ወደ ጎጆዋ ገብታ የግመል ወተት የሞላ ትንሽ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ዝናቡ ዘግይቶ ግመሎቹ በነጠፉበት ሰሞን ነው። ይህን ለሮብሌ አድርስልን አለችኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ስሜን ጠየቀኝ፤ አደራ የተቀበለ ሰው ስሙ ይታወቃል አለ። ደረጀ እባላለሁ አልኩ። እዚያ አገር ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በዚያች ውሸት ላይ ነው።

ወተቱን ላደርስለት አልችልም፤ ባደርስ ውሸቴ ይገለጣል። ልጠጣውም አልችልም፤ በእኛ ቤት የግመል ወተት አይጠጣም። የአዴር ሮብሌ አባት የቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ መኪናውን አቁሜ ደፋሁት። አሸዋው ወዲያው ጠጣው። ነጩ ምልክት እስኪደርቅ እንኳ ሳልቆም ሄድኩ።

አንድ ነገር አልቆጠርኩም ነበር፦ ታመመ የተባለ ሰው ይጠየቃል። በእኛም ዘንድ ቢሆን እንደዚያው አይደል? እንዴት ረሳሁት? ከተማ ስገባ ነው የታወሰኝ። ወደ ድሬ መጥተው ካገኙት ሁሉም ነገር ይወጣል፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ለዋሸ ሰው ፍየል አይሸጡም፣ ሥራዬም ያበቃል። የጭነት መኪና ባየሁ ቁጥር ላዩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት እመረምር ጀመር።

ምንም አልተከሰተም። ወደ መንደሩ ስመለስ በደንብ ተቀበሉኝ፤ ወተቱን ስላደረስክ አላህ ይስጥህ አሉኝ። ግራ ገባኝ። አዴር ሮብሌን መጋላ አልፎ አልፎ አገኘው ነበር። ልሸሽ ስል ቀድሞ ይጠራኛል። ስለ መንገድ አያነሳ፣ ስለ ጂፒኤስ አያነሳ። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እናትህ ደህና ናት?» ደህና ናት እለዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይተነፍሳል። እየቀጣኝ ነው ብዬ ፈራሁት። ነቀፋ መሰለኝ፣ አንዳንዴም ማስፈራሪያ መሰለኝ። እናቴ ባሳላት ቁጥር እሱን እጠላው ነበር።

ከወራት በኋላ ባለቤቱ ሐዋ አትክልት ከምትሸጥበት ቦታ ጠራችኝ። ጠያቂዎቹ መጥተው እንደነበር ያኔ ሰማሁ። አምስት ሆነው በራፉ ላይ ሲደርሱ አዴር ሮብሌ ጫማውን እየሰፋ ነበር፣ ሙሉ ጤነኛ። ሾፌሩ ደረጀ ነው የነገረን፣ ወተት ልከንልህ ነበር ደርሶሃል ወይ አሉት። ነገሩ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ገባው። የሄድኩት ያለ እሱ እንደሆነ፣ ያ ስክሪን ሲጽፍ የነበረው ምን እንደሆነ፣ ሁሉም። መርፌውን ወደ ጎን አስቀመጠና ታምሜ ነበር አለ። ወተቱም ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ አለ።

ለምን እንደሸፈነኝ ጠየቅኳት።

«እኔም ተቆጥቼ ጠየቅኩት» አለች ሐዋ። «ልጁ በእናቱ ሞት ምሏል፣ ዋሽቷል ብዬ እኔ ከመሰከርኩ መሐላው እናቱን ያገኛታል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናትህ ዱዓ ያስደርገኛል።»

ቲማቲም ልግዛ ይሁን ልውደቅ አላውቅም ነበር። ፒክአፑን አስነስቼ ሄድኩ።

ይቅርታ አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። መሣሪያው በኋላም ይመጣ ነበር፣ እኔ ባላደርገው ሌላው ያደርገው ነበር አልልም። የተጫንኩት እኔ ነኝ። የማልኩት እኔ ነኝ። የሰው አደራ አሸዋ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ።

አዴር ሮብሌ አሁን ሥራ የለውም፤ ቀኑን በራፉ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል። እናቴ በሕይወት አለች፣ ዛሬ ጠዋትም ቡናዬን ሰጥታኛለች። እኔ ያንን ፒክአፕ እየነዳሁ ነው፣ የወንድሙ መቃብርም ስክሪኑ ላይ እንደ መታጠፊያ ተመዝግቦ አለ። የአዴር ሮብሌ ቤት ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከመስጊዱ በስተጀርባ ሁለተኛው በር ነው። መንገድ መሪ አያስፈልገኝም። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።